ውሻ በበላበት

ግቢያችን ውስጥ ለውሻ የማያጎርስ ሰው የለም። ውሻው ያደረገውን የሚጠርግ ሰውም የለም። እሑድ ማታ ከየበሩ እጅ ይዘረጋል፤ ከአንዱ ቤት ቅልጥም፣ ከሌላው ፍርፍር፣ ከወዲያኛው ደግሞ ሞቅ ብሎት የገባው ጎልማሳ በሶፍት ጠቅልሎ ያመጣት ጥብስ። ሰኞ ጠዋት ቧንቧው ሥር ያ ነገር ተንጣሎ ሲገኝ ግን፣ ያ ሁሉ ቸር በሩን ገርበብ አድርጎ "የማነው ይሄ ውሻ?" ይላል። ቡቺ ማታ የሁላችን ነው፤ ጠዋት ባለቤት የለውም።

"ውሻ በበላበት ይጮኻል" ይላሉ አበው። በበላበት ሌላም ነገር እንደሚያደርግ አላነሡም። ጨዋ ሆነው ይሆናል። እኔ ሠራተኛ ሰፈር ያደግሁ የአራዳ ልጅ ስለሆንኩ አነሣዋለሁ። ቁርስ ላይ ያላችሁ አንባብያን መጽሔቱን አጠፍ አድርጋችሁ ከቡና በኋላ ብትመለሱ አልቀየምም።

የጉዳዩ ሊቅ የግቢያችን ዘበኛ ናቸው። ጋሼ ማለዳ መጥረጊያቸውን ይዘው ይወጡና ከመጥረጋቸው በፊት ቆም ይላሉ። ስኒ አንባቢ አተላውን አዘንብላ እንደምታየው እሳቸውም ጎንበስ ብለው ያዩታል። ልዩነቱ እሷ የሚመጣውን ስትናገር እሳቸው ያለፈውን መናገራቸው ነው።

"እትዬ ትናንት እንግዳ ነበረባቸው" ይላሉ፤ ጎረቤታችንን ማለታቸው ነው።

"በምን አወቁ ጋሼ?"

"ቅቤ አለበታ! አታየውም ሲያብለጨልጭ?"

ሌላ ቀን ነጭና ደረቅ፣ በመጥረጊያ ሲነኩት ዱቄት የሚሆን ነገር ያገኛሉ። "ዛሬ ደግሞ ሥጋ ቤት ነው ያመሸው" ይላሉ። አረንጓዴ ከሆነ ሣር ግጧል፤ ምናልባት ሆዱን አሞት ይሆናል። የላስቲክ ቁራጭ ካለበት ደግሞ ገንዳ ገልብጦ አድሯል።

ቀልድ እንዳይመስላችሁ፤ ሳይንሱ ከጋሼ ጋር ነው። አጥንት አብዝቶ የቆረጠመ ውሻ፣ ሰውነቱ ያልተጠቀመበት ካልሲየም ተመልሶ ይወጣና ኩሱን ያነጣዋል፣ ያደርቀዋል። የጅብ ኩስ ነጭ የሆነውም በዚሁ ምክንያት ነው። በባሌ ተራሮች የቀይ ቀበሮን ኑሮ ያጠኑ ተመራማሪዎችም ቢሆኑ አውሬው ምን እንደሚበላ ያወቁት በአብዛኛው ኩሱን እየለቀሙ በመበተን ነው፤ ከውስጡ የወጣው ፀጉርና አጥንት ከሞላ ጎደል የአይጥና የፍልፈል ሆኖ ተገኘ። በዚህ ሥራ ዶክትሬት ይገኝበታል። ጋሼ ያንኑ ሥራ በዘበኛ ደመወዝ ይሠራሉ።

ዱሮ ነጩ ኩስ የሚበዛው በፒያሳው ዶሮ ማነቂያ፣ በቁርጥ ቤቶቹ በኩል ነበር። ቁርጥ የሚበላ ሰው ጅማት ላይ ሲደርስ ፊቱን ያጨማድድና እጁን ከጠረጴዛው በታች ይሰዳል፤ እዚያ ታች ደግሞ ሁልጊዜ የሚጠብቅ አፍ አለ። ዶሮ ማነቂያ የተኛ ውሻ አጥንት ለመፈለግ አይነሣም ነበር፤ አጥንቱ ነው የሚመጣለት። ታዲያ ከአጥንት ሌላ የማይቀምስ ውሻ ጠዋት ከግንብ ሥር ጉልበቱን አጥፎ፣ ዓይኑን አፍጥጦ ሲያምጥ ታዩት ነበር። ሆድ ድርቀት ነው። ያ የምታዩት ዓይን ማፍጠጥ ቁጣ አይደለም፤ ቁርጥ ነው።

በ2016 ዓ.ም. የካቲት ላይ የዓድዋ ድል መታሰቢያ ተመረቀ፤ ጥቂት ሳምንታት ቆይቶ ዶሮ ማነቂያና ዙሪያው ፈረሰ። ሰዉ ቁም ሳጥኑንና ምጣዱን ጭኖ ወደየደረሰው ቦታ ሄደ። ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ የአጥር ግቢ ውሻ ይዞ መውጣት የሚታሰብ አይደለምና ብዙው ውሻ ቀረ። ቡቺ ወደ እኛ ግቢ ጅራቱን ሸጉጦ የገባው ያን ሰሞን ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ጋሼ ምንም ሊነግሩን አልቻሉም። "ባዶ ሆድ ምን ይጽፋል?" አሉ።

የገባው ደግሞ በዐቢይ ጾም መግቢያ ነው። ቡቺ ሃይማኖቱን የጠየቀው የለም፤ ይጾማል ግን። ጌቶቹ ሥጋ ካልበሉ እሱ ከየት ያመጣል? ሥጋ ቤቱ ተዘግቷል፤ ከየቤቱ የሚወጣው ሽሮ ፍትፍት፣ ምስር፣ ጎመን ነው። የጾም ወራት ኩስ ብዛት አለው፤ ጥራጥሬና ቅጠል አሰሩ ስለሚበዛ ከገባው ብዙው ይወጣል። ሌሊት ሌሊት ደግሞ ከደረጃው ሥር ሽሮው ድምፅ እያሰማ ይናገራል። እሱ ራሱ ደንግጦ ተነሥቶ ጅራቱን ዞሮ ሲያሸት አይቼዋለሁ።

ከዚያ ሚያዝያ 27 ትንሣኤ ሆነ። ሃምሳ አምስት ቀን ሽሮ የለመደ አንጀት በአንድ ሌሊት የስድስት ቤት ፋሲካ ተጫነበት። አንዱ ቤት የበግ ጮማ፣ አንዱ ቤት የዶሮ አጥንት፣ አንዱ ቤት የዱለት እቃ ይላሰው ብሎ ሰጠው።

እዚህ ላይ የውሻን ሆድ ነገር ላጫውታችሁ። በአንጀቱ የሚኖሩት ደቂቅ ፍጥረታት የለመዱትን ምግብ ነው የሚያውቁት። ምግቡ በድንገት ሲቀየር ይደናገራሉ፤ ውጤቱ ተቅማጥ ነው። ለዚህ ነው የእንስሳት ሐኪሞች የውሻ ምግብ የሚቀይር ሰው አሮጌውን እየቀነሰ አዲሱን እየጨመረ ሳምንት ያህል እንዲወስድ የሚመክሩት። ለእኛም እኮ በየዓመቱ ከጾም ስትወጡ ቀስ ብላችሁ ጀምሩ ይሉናል። እኛ ሰምተን ነው ቡቺ የሚሰማ?

ስቡ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። ጮማና ቅቤ በአንዴ የተጫነበት ውሻ ቆሽቱ ይቆጣል። የእኛ ቆሽት የሚያርረው በነገር ነው፤ የውሻ በጮማ። ያኔ ያስመልሰዋል፣ ምግብ ይጠላል፣ ሆዱን ሲያመው የፊት እግሮቹን መሬት ላይ ዘርግቶ፣ ደረቱን አስተኝቶ፣ ከኋላው ከፍ ይላል። ሐኪሞች ይህን አኳኋን የጸሎት አቋም ይሉታል። እኛ የስቅለት ዕለት ሰገድን፤ ቡቺ የሰገደው ፋሲካን በልቶ ነው።

ሐኪም ዘንድ ይወሰድ ሲባል የግቢው ሰው ሁሉ ተስማማ። መዋጮ ሲባል ግን ውሻው እንደገና ባለቤት አጣ። በመጨረሻ ጋሼና እኔ ነን ይዘነው የሄድነው። ሐኪሙ የበላውን ሲጠይቀን ጋሼ አንድ ሳይዘሉ ቆጠሩለት። ሐኪሙ እስክሪብቶውን አስቀምጦ "ዶሮ ወጥ? ከነአጥንቱ?" አለ። ከነአጥንቱ።

ነገሩ እንዲህ ነው፦ ለውሻ ጠላት የሆነውን ሁሉ በአንድ ድስት ሰብስቡ ብትባሉ ዶሮ ወጥ ትሠራላችሁ። ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ያፈርሳል፤ ጥሬም ሆነ የበሰለ፣ የተፈጨም ቢሆን ያው ነው። ነጭ ሽንኩርት ይብሳል። መርዙ ወዲያው ላይታይ ይችላል፤ ቀናት ቆይቶ ውሻው ይደክማል፣ ድዱ ይገረጣል፣ ሽንቱ ይጠቁራል። በርበሬው አንጀቱን ያቃጥላል፤ ቅቤው ቆሽቱን ያገኘዋል። የበሰለ የዶሮ አጥንት ደግሞ ሲቆረጠም እየተሰነጠረ ጫፉ ይሾላል፤ ጉሮሮም አንጀትም ሊወጋ ይችላል። ለእኛ በዓል የሆነው ድስት ለእሱ የክስ ዝርዝር ነው።

ይህን ይዤ እትዬ ዘንድ ገባሁ። እትዬ ዶሮ ወጣቸውን ሽንኩርቱን ሌሊቱን ሙሉ ሲያቁላሉ የሚያድሩ፣ በሰፈሩ የታወቁ ሴት ናቸው።

"እትዬ፣ ለቡቺ ዶሮ ወጥ ባይሰጡት ጥሩ ነው። ሽንኩርት ይመርዘዋል።"

"ሽንኩርት? እኔን በሰባ ዓመቴ ያልመረዘኝ?"

"እርስዎ ሰው ነዎት።"

"እኔ የበላሁትን ነው የማበላው፤ ከራሴ ለይቼ አላውቅም!" ብለው ተቆጡኝ። "ድሮ ውሻ ስንቱን ይበላ ነበር፤ ማን ሐኪም ወሰደው?"

የድሮው ውሻ ሲሞት "አርጅቶ ሞተ" ነበር የሚባለው ልላቸው አሰብኩና ተውኩት። ቡና ሊያፈሉ ነበር።

"እንጀራውንስ?" አሉኝ ቆየት ብለው፣ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ።

እንጀራው ይሁንልዎ አልኳቸው። በዚህ ላይ ከሩቅ አገር ምስክር አለኝ፦ በ2013 እ.ኤ.አ. የስዊድን ተመራማሪዎች "ኔቸር" መጽሔት ላይ እንዳወጡት፣ ውሻ ከተኩላ የሚለይበት አንዱ ነገር ስታርች የሚፈጭለት ዘረ መል በሰውነቱ ውስጥ ተባዝቶ መገኘቱ ነው። ከሰው ደጅ ሲኖር በሰው እህል ተለወጠ ማለት ነው። ባዶ እንጀራ ብቻውን ውሻ አያኖርም፤ ሥጋም፣ እንቁላልም ያስፈልገዋል፤ ግን እንጀራን የሚጠላ አንጀት የለውም። እትዬ ስዊድኖቹን መረቋቸው። ከዚያ ወዲህ ዶሮ ሲያርዱ፣ ሽንኩርቱ ሳይነካው፣ የቡቺን ከቆዳውና ከአጥንቱ ለይተው በትንሽ ድስት ይቀቅሉለታል። "የእሱ አልጫ" ይሉታል። ጨውም አይገባበትም።

ፒያሳ ከጣልያን የወረሰችው ስሟንና ፓስታዋን ነው፤ ፓስታውም ቢሆን ስጎው ካልነካው ለውሻ ደህና ነው። ስጎው ሽንኩርት ነው። ኬክ ቤት በር ላይ ሕፃናት ቸኮሌት ኬክ ሲቆርሱለት ግን እጃቸውን ያዙ፤ በቸኮሌት ውስጥ ያለው ቴዎብሮሚን የሚባል ነገር ለውሻ መርዝ ነው፤ ልቡን ያስመታዋል፣ ብዙ ከሆነም ይገድለዋል።

አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ሰፈሬን አላውቃትም ማለት ነው። ፒያሳ ውስጥ ከሆቴል የሚተርፍ ምግብ መጀመሪያ ለውሻ አይደርስም። ቡሌ ነው። በየሆቴሉ ጓሮ በኩል በባልዲ ይወጣል፣ ይሸጣል፣ ጎዳና ላይ ያደሩ ልጆች በላስቲክ ይካፈሉታል። ለውሻ የሚቀረው ከእነሱ የተረፈው ነው፤ ላስቲኩ። ገንዳ ገልባጭ ውሻ የሚተፋውን ላስቲክ ጋሼ በመጥረጊያ ሲገፉት ዝም ይላሉ። በዚያ ላይ አስተያየት ሰጥተው አያውቁም።

ባለፈው ክረምት የእትዬ ልጅ ከአሜሪካ መጣ። እዚያ ውሻ አለው፤ ከረጢት የሚከፈትለት ምግብ የሚበላ፣ የልደት ቀን ያለው። በመጀመሪያው ማለዳ ከጋሼ አጠገብ ቆሞ የቡቺን ሥራ አየና ስልኩን አወጣ። ለካ ፑሪና የሚባለው የውሻ ምግብ ኩባንያ ለዚህ ነገር ከ1 እስከ 7 ደረጃ አውጥቶለታል። አንድ የደረቀ ጠጠር፣ ሰባት ውኃ። ተመራጩ ሁለት ነው፤ ጠንከር ያለ፣ ግን ያልደረቀ፣ ሲያነሡት ቅርጹን የማይለቅ።

"ጋሼ፣ ይሄ ስድስት ነው" አላቸው።

"ስድስት ኪሎ?"

"አይ፣ ስድስት። ደረጃው።"

"አራት ኪሎም ቢሆን የምጠርገው እኔ ነኝ" አሉ ጋሼ።

ልጁ ሌላም አወራን። የቼክና የጀርመን ተመራማሪዎች 70 ውሾችን ሁለት ዓመት ተከታትለው፣ ውሻ ለመጸዳዳት ሲቀመጥ፣ የምድር ማግኔት ጸጥ ባለበት ሰዓት፣ ሰውነቱን ከሰሜን ወደ ደቡብ ማስተካከል እንደሚመርጥ ጻፉ። በ2014 እ.ኤ.አ. በዚህ ሥራቸው ሰውን አስቆ በሚያሳስብ ጥናት የሚሰጠውን የኢግ ኖቤል ሽልማት አገኙ። በማግስቱ ሁላችንም በረንዳ ላይ ወጥተን ቡቺን ጠበቅን። ሦስት ጊዜ ዞረ፣ አራተኛውን ዞረ፣ ፊቱን ወደ እንጦጦ፣ ጀርባውን ለለገሃር ሰጥቶ ተቀመጠ። አጨበጨብንለት። ደንግጦ ሳይጨርስ ሄደ።

በአሜሪካ ሁሉም በላስቲክ ከረጢት አንሥቶ ይጥላል አለን ልጁ። ጋሼ ደግሞ ፌስታል በአዋጅ ተከልክሏል አሉት። እውነታቸውን ነው፤ በ2017 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ፌስታልን አግዷል። ስለዚህ በአሮጌ ጋዜጣ ማንሣት ተጀመረ፤ ሐሳቡ የልጁ፣ ጋዜጣው የእኔ፣ እጁ የጋሼ ነው።

ልጁ ሲሄድ ደረጃውን ትቶልን ሄደ፤ ግቢያችን አሁን በቁጥር ይነጋገራል። "ዛሬ ሁለት ነው" ሲባል ሰላም ነው። ቁጥር የማይገልጸው ነገር ግን አለ፤ እሱን ጋሼ ከሐኪሙ ተምረዋል። እንደ ሬንጅ ጥቁር ከሆነ ከላይ ከጨጓራ በኩል ደም አለ ማለት ነው። ነጭ የሩዝ ፍሬ የመሰለ ነገር ከታየበት ከቁንጫ የሚመጣ ትል ነው። ቡችላ ደም የተቀላቀለበት፣ ሽታው የሚከፋ ተቅማጥ ከያዘውና ካስመለሰው ፓርቮ ሊሆን ስለሚችል ነገ እናየዋለን አይባልም፤ ቡችላ ውኃው አልቆ ቶሎ ይሞታል። ለዚህ ክትባት አለው።

እኔን የሚያስፈራኝ ግን በዓይን የማይታየው ነው። ሠፈራችን ውስጥ ለውሻና ለድመት ሳንባ ይገዛል፤ ርካሽ ነው። ለፋሲካና ለገና ደግሞ ቅርጫ አለ። በሬው ተጥሎ ሲበለት፣ ሳንባው ወይም ጉበቱ ላይ ውኃ የቋጠረ ከረጢት ይገኛል። ሁሉም ይጸየፋል፤ አንዱ "ለውሻው ጣሉለት" ይላል። ቄራ ቢሆን ሥጋ መርማሪው አይቶ ያስወግደው ነበር፤ ቅርጫ ላይ መርማሪ የለም፤ ቡቺ ነው ያለው።

በዚያ ከረጢት ውስጥ ያለው የትል ዘር ውሻው አንጀት ውስጥ ገብቶ ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ የሚሆን ትል ይሆናል። በሺዎች ቢቆጠርም ውሻውን አያመውም፤ ኩሱም መልኩን አይቀይርም፤ ጋሼም ቢሆኑ አያነቡትም። እንቁላሉ ግን ከኩሱ ጋር ይወጣል፣ ፀጉሩ ላይ ይጣበቃል፣ ልጆች ሲያሻሹት እጃቸው ላይ ይቀራል፣ ካልታጠበ ሰላጣ ጋርም ይበላል። ሰው ሆድ ሲገባ ጉበት ወይም ሳንባ ላይ ያንኑ የውኃ ከረጢት ይሠራል፤ ለዓመታት ሳይታወቅ ያድጋል፤ ብዙ ጊዜ መጨረሻው ቀዶ ሕክምና ነው።

ስለዚህ የአራዳ ባለቅርጫዎች፣ የምለምናችሁ ይህን ነው። ውኃ የቋጠረ ሳንባና ጉበት ስታገኙ አቃጥሉት፣ ካልሆነም ውሻ ቆፍሮ በማያወጣው ጥልቅ ጉድጓድ ቅበሩት። ደህናውንም ቢሆን በደንብ ቀቅላችሁ ስጡት። ሐኪሙን ጠይቃችሁ የትል መድኃኒት አስወስዱት፤ ፕራዚኳንቴል ይባላል። ልጆችም ውሻ ነክተው እጃቸውን ሳይታጠቡ ወደ ማዕድ አይቅረቡ።